«ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ነበረች»

ይቺን ነገር ልጽፋት ካሰብኩ ወራት አለፉ። የሌሊት ሺፍት የሚሰራ ሰው ኑሮው የተገለበጠ ነው፣ ሰው ሲነሳ ይተኛል፣ ሲነቃ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተዋል፣ እራት፣ ሆምወርክ፣ ከዛ መኪና አስነስቶ ወደ ስራ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ ያልቃል። ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ቤቱም ጸጥ ብሏል፣ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

የምሰራው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ኤምአርአይ ክፍል ነው፣ ስሙን አልጠራም። ዶክተር አይደለሁም፣ ማሽኑ ላይ የምሰራው ቴክኖሎጂስት ነኝ። እናቴ አዲስ አበባ ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ የሰው ጭንቅላት ፎቶ ያነሳል» ነው የምትለው፣ ድሮ ያሳፍረኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ከሷ የተሻለ የገለጸው የለም። ከታች ያለው ታሪክ ውስጥ ታካሚዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ፣ ዋናው ነገር ግን እንዳለ ነው።

ሌሊት ነው፣ በፈረንጅ 5:40፣ በኛ አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ (በሁለቱም የምጽፈው በምክንያት ነው ትደርሱበታላችሁ)። ስልኩ ጮኸ፣ ከኢመርጀንሲ ነው፣ ስትሮክ አለርት፣ ሴት፣ 67 አመት፣ ሲቲ ስካኗ ንጹህ ነው፣ እየመጣች ነው። ነርሷ ልትዘጋው ስትል «ኦ፣ ያንተ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም የምትናገረው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅየዋ ኤርፖርት ነው የምትሰራው፣ ለጠዋት ሺፍት 4:30 ላይ ስትነሳ እናቷ ኪችን ውስጥ መብራት ሳያበሩ ቆመው አገኘቻቸው። ስታናግራቸው ይመልሳሉ፣ ግን የሚሉት ነገር አይያያዝም። 911 ደወለች። ሆስፒታል ሲደርሱ ደሞ ሌላ ጣጣ፣ እጃቸውንም እግራቸውንም ያንቀሳቅሳሉ፣ ፊታቸው ይሄን ያህል አልተጣመመም፣ ችግሩ ያለው ንግግራቸው ላይ ብቻ ነው፣ ንግግሩ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ማንም በማያውቀው ቋንቋ! ሬዚደንቱ (ገና ስልጠና ላይ ያለው ዶክተር) እኚህ ሴት አፋቸው የተዘባረቀው አንጎላቸው ተመቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ አማርኛ የማልሰማው ብሎ ግራ ገብቶታል። በታብሌት አስተርጓሚ ጠሩ፣ አስተርጓሚውም «ታካሚዋ የሚሉት ግልጽ አይደለም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» ይላል፣ ይደግማሉ፣ ያው ነው። ስኳራቸው ተለካ ደህና ነው። ሲቲ ላይ የፈሰሰ ደም የለም፣ የተዘጋ ትልቅ የደም ስርም አልታየም። ስለዚ ስትሮክ ይሁን አይሁን በኤምአርአይ እንይ ተባለ።

አልጋው በር ላይ ሲደርስ በጋቢ ተጠቅልለው ነበር። ጎንበስ ብዬ «እማማ እንደምን አደሩ» አልኳቸው። አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ከዛ እንዲህ አሉኝ፣ «መንገዱን ጨምሩበት እንጂ፣ ማንኪያው ነው የሄደው፣ አይደል ልጄ?» ድምጹ የጤነኛ ሰው ድምጽ ነው። ዜማው የጎንደር ነው፣ ሰዋሰዉም ያለቦታው አልሄደም፣ ቃላቱ ብቻ ከመስመራቸው ወጥተዋል። ፈረንጅ ቢሰማው አንዲት ደህና ሴትዮ ስትጫወት ነው የሚመስለው። ጸጉሬ ነው የቆመው። ከስትሬቸሩ ጎን የቆመውን ሬዚደንት «ቋንቋው አይደለም፣ ይሄ አማርኛ አይደለም» አልኩት፣ ወዲያው ገባው።

እዚህ ጋ ስለ ስራችን ትንሽ ላውራ። ማግኔቱ ሁሌም ሰርቶ ነው ያለው፣ ማታም፣ መብራትም ጠፍቶ። የኛ 1.5 ቴስላ ነው፣ ይሄ ማለት ኮምፓስን ከሚያዞረው የመሬት ማግኔት ሠላሳ ሺህ ጊዜ ገደማ ይበልጣል፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዛችሁ ብትገቡ ሲሊንደሩ በርሮ ሰው ይገላል። ስለዚ ማንም ከመግባቱ በፊት ጥያቄ አለ። የልብ ማሽን አለ? ጭንቅላት ውስጥ የተደረገ ክሊፕ አለ? አይን ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል? ፎርሙ ላይ ከታች «ጥይት ወይም ፍንጣሪ» የሚል አለ፣ እዚህ ሀገር ሰው ሳያነበው ኖ ብሎ ያልፈዋል፣ የኛ አባቶች ጋ ግን እሱ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፣ ወታደር የነበሩ ሰዎች ስንቴ «አዎ እግሬ ላይ ትንሽ አለ» ብለውኛል መሰላችሁ። ከዛ ማውለቅ ነው፣ ማተቡ ላይ ያለው የብር መስቀል፣ ጉትቻ፣ ሹሩባ ውስጥ የተሸጎጠች የጸጉር ፒን (እሷን ማንም አያስታውሳትም)፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ክር ያለበት ጥለትም አይገባም ሊግል ይችላል። ማተቡን ራሱን አንበጥስም፣ መስቀሉን ብቻ አውጥተን ለቤተሰብ እንሰጣለን፣ ይሄን የምለው ብዙ እናቶች «ማተቤን ሊበጥሱብኝ ነው» ብለው አልገባም ስለሚሉ ነው።

እሳቸው መመለስ ስለማይችሉ ልጅየዋን ነው የምጠይቀው። እየተንቀጠቀጠች ትመልሳለች፣ የለም፣ የለም፣ የለም። መስቀሉን ሳቀብላት ታለቅሳለች። «አይዞሽ እህቴ፣ ማታ ስትተኛ እንዴት ነበረች?» አልኳት፣ እንዲሁ ለማረጋጋት ያህል ነው፣ የፎርሙ ጥያቄ አይደለም። «ኧረ ወንድሜ ምንም አልነበረችም፣ እራት በልተን፣ ሦስት ሰዓት ላይ እኮ ደህና ነበረች፣ ጸሎቷን አድርሳ ነው የተኛችው» አለችኝ።

አይኔ ስክሪኑ ላይ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆና የታየችበት ሰዓት በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው 03:00 ነው።

«እህቴ፣ ሦስት ሰዓት ያልሻቸው በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

ዝም አለች። ከዛ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኢመርጀንሲ ውስጥ በጭንቀት በእንግሊዝኛ «ስሪ ኦክሎክ ሺ ዋዝ ጉድ» ነው ያለቻቸው። እነሱ ደግሞ ሌሊት ነው የመጣችው፣ በቃ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ብለው ጻፉ። እሷ ያለችው የማታ ሦስት ሰዓት ነው፣ የነሱ 9:00 ፒኤም። በመሃል ስድስት ሰዓት አለ። እዚህ ሀገር ከመጣች ሁለት አመት ነው፣ ስራ ቦታ በፈረንጅ ሰዓት ትኖራለች፣ ስትደነግጥ ግን ሰው የሚቆጥረው በእናቱ ሰዓት ነው።

ስድስት ሰዓት ስትሮክ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድሃኒት (አልቴፕሌዝ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቴኔክቴፕሌዝ) አለ፣ አልቴፕሌዝ አሜሪካ ውስጥ ለስትሮክ የተፈቀደው በ1996 ነው፣ ያኔ ገደቡ ሦስት ሰዓት ነበር፣ በ2008 አውሮፓ ውስጥ በተሰራ ጥናት ወደ አራት ሰዓት ተኩል ተራዘመ። (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ዛሬ እንኳ ግልጽ ልሁን።) የሚቆጠረው ደግሞ ከታመመበት ሰዓት ነው፣ እሱ ካልታወቀ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት። አንጎል ለረጅም ጊዜ ደም ካጣ በኋላ መድሃኒቱን ብትሰጠው የሞተው ስጋ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ማዳን ቀርቶ መግደል ይሆናል። በ03:00 ቢሰላ እማማ እስከ 7:30 ጠዋት ጊዜ አላቸው። በትክክለኛው ቢሰላ ጊዜያቸው ያለቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1:30 ላይ ነው፣ እንቅልፍ ላይ እያሉ።

ሬዚደንቱን ነገርኩት። ፊቱ ነጭ ነበር የበለጠ ነጣ። መድሃኒቱ ከፋርማሲ እየተዘጋጀ ነበር። ስልኩን አንስቶ አቁሙት አለ፣ ከዛ ወደኔ ዞሮ «ፍሌሩን በደንብ ስራልኝ» አለኝ (ፍሌር ማሽኑ ከሚያነሳቸው ፎቶዎች አንዱ ነው)። ለምን እንዳለኝ እንድትረዱ ስለ ማሽኑ ማውራት አለብኝ፣ እሱን ደግሞ እወደዋለሁ ስለዚ አትቸኩሉ።

ሲቲ ስካን ደም ፈሶ እንደሆነ በሰከንዶች ያሳያል፣ ለዛ ተወዳዳሪ የለውም። የተዘጋ የደም ስር ያመጣውን ስትሮክ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ አያሳይም፣ ሰውየው ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ሲቲው ላይ አንጎሉ ቆንጆ ነው። በ2007 ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ቤተስዳ ያለው የመንግስት የጤና ምርምር ተቋም (ኤንአይኤች) ተመራማሪዎች ናቸው የሰሩት፣ ስትሮክ ነው ተብለው የተጠረጠሩ 356 ሰዎችን በሁለቱም አነሷቸው፣ ስትሮክ ካለባቸው ውስጥ ኤምአርአይ 83 በመቶውን አገኘ፣ ሲቲ 26 በመቶውን። ይሄ ቁጥር ለኛ ክፍል ሰዎች እንደ ዳዊት ነው፣ በቃላችን ነው የምናውቀው።

ልዩነቱን ያመጣው ዲፉዥን የሚባለው ፎቶ ነው። ዲፉዥን የሚያየው የውሃን እንቅስቃሴ ነው። አንጎል ውስጥ ያለ ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ያለማቋረጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አሁን ሴሉን እንደ አዲስ አበባ ግቢ አስቡት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የሚገባውን ውሃ ቀን ከሌት እየሳበ የሚያወጣ ዲናሞ አለ። ደም ሲቋረጥ ኦክስጅንና ስኳር የለም፣ መብራት ሄደ ማለት ነው፣ ዲናሞው ቀጥ ይላል። ሶዲየም ወደ ሴሉ ይገባል ውሃ ይከተለዋል፣ ሴሉ ያብጣል፣ በሴሎቹ መሃል የነበረው መተላለፊያ ይጠባል። ውሃው ታጨቀ፣ ልክ መገናኛ በስራ መውጫ ሰዓት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆኖ አንድ እርምጃ መራመድ እንደሚያቅተው።

ማሽኑ ይሄን እንዴት ያውቃል? ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አስቡ። መምህሩ በሰልፉ ላይ እያለፈ ለእያንዳንዱ ተማሪ በቆመበት ቦታ ልክ ቁጥር ይሰጠዋል። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣና ከዛው ቦታ ያንኑ ቁጥር ይቀንሳል። ንቅንቅ ያላለ ተማሪ ሂሳቡ ዜሮ ይመጣል፣ ድምጹ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ላይ ይሰማል። ቦታ የቀየረ ሂሳቡ ይፋለሳል፣ ድምጹ ይጠፋል። ማሽኑ በማግኔት ግፊት የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ውሃ እንደልቡ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይጠቁራል፣ ውሃ የታጨቀበት ቦታ ደግሞ ቦግ ይላል። ስትሮክ በዲፉዥን ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ግን የቆየ ጠባሳም ነጭ ሆኖ ያታልላል፣ ስለዚ ኤዲሲ የሚባል ሁለተኛ ካርታ ከጎኑ እናያለን፣ እውነተኛው አዲስ ስትሮክ እዛ ላይ ጥቁር መሆን አለበት። አዲስ ቴክኖሎጂስት ሳሰለጥን በመጀመሪያው ቀን የምለው ይሄን ነው፣ ነጩን ብቻ አይተህ አትደንግጥ።

ታሪኩም ደስ ይላል። ሰልፉ ላይ ያወራሁት ዘዴ በ1965 ስቴይስካል እና ታነር የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ያወጡት ነው፣ ለበሽታ ብለው አይደለም። ፈረንሳዊው ዶክተር ደኒ ለቢያን በሰማንያዎቹ አጋማሽ ይሄን ወደ ሰው ፎቶ አመጣው፣ መጀመሪያ ጉበት ላይ ነበር የሞከረው፣ ሰው እየተነፈሰ ጉበቱ ስለሚንቀሳቀስ አልሆነለትም፣ ወደ አንጎል ዞረ። በ1990 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማይክል ሞዝሊና ባልደረቦቹ ድመቶች ላይ የአንጎል የደም ስር ዘግተው ሲያነሱ 45 ደቂቃ ሳይሞላ ዲፉዥኑ ላይ ቦግ ብሎ ታየ፣ በተለመደው ፎቶ ላይ ግን ገና ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ችግሩ ፍጥነት ነበር፣ ውሃ በማይክሮን ስትንቀሳቀስ እየለካህ ሰውየው ጭንቅላቱን በሚሊሜትር ካነቃነቀ አለቀ። ያንን የፈታው ፒተር ማንስፊልድ በ1977 ያሰበው ዘዴ ነው፣ አንድ ሙሉ ስላይስ (እንደ ዳቦ የተቆረጠ የአንጎል አንድ ሽፋን ፎቶ) በሰከንድ ቁራጭ ውስጥ ጭልፍ የሚያደርግ። እሱም በ2003 ኖቤል ተሸለመ። ማሽን ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ያ ድንገት የሚመጣው ጧጧጧጧ የሚለው አስቀያሚ ድምጽ ያ ነው፣ ሰው ሁሉ ያማርረዋል፣ እኔ ግን እሱ ድምጽ ሲጀምር እፎይ ነው የምለው።

እሺ ዲፉዥን ስትሮክ መኖሩን ነገረን። መቼ እንደጀመረ ግን አይነግረንም፣ በ45 ደቂቃም ነጭ ነው በሁለተኛው ቀንም ነጭ ነው። እዚህ ጋ ነው ፍሌር የሚመጣው። ፍሌር የውሃን እንቅስቃሴ ሳይሆን ስጋው ውስጥ የተጨመረውን ውሃ ነው የሚያየው። መጀመሪያ ላይ ውሃው ከሴሉ ውጪ ወደ ሴሉ ውስጥ ቦታ ቀየረ እንጂ መጠኑ ብዙም አልጨመረም፣ ስለዚ ፍሌር ምንም አያይም። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ከደም ስር ውሃ እየሰረገ ይገባል፣ ያኔ ፍሌሩም ይነጣል። እናቶቻችን ሊጡን ገልጠው አይተው «ይሄ ትላንት ጠዋት የተቦካ ነው» ይሉ የለ? ማንም አልነገራቸውም፣ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ አይተው ነው። ኒውሮሎጂስቱም (የአንጎልና የነርቭ ሐኪሙ) እንደዛ ነው፣ ዲፉዥኑ ነጭ ሆኖ ፍሌሩ ገና ጥቁር ከሆነ ሊጡ ትኩስ ነው፣ አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላው አይቀርም።

ይሄ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዌክአፕ የሚባል የአውሮፓ ጥናት በ2018 ወጣ፣ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ስትሮክ የተገኘባቸው ወይም ሰዓቱ የማይታወቅ 503 ሰዎች፣ ዲፉዥኑ ነጭ ፍሌሩ ንጹህ የሆኑ ብቻ፣ ግማሹ መድሃኒቱን ግማሹ መድሃኒት የሌለበትን ባዶውን አገኙ። ከሦስት ወር በኋላ መድሃኒቱን ካገኙት 53.3 በመቶዎቹ እራሳቸውን ችለው ደህና ናቸው፣ ካላገኙት 41.8 በመቶ። አደገኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ደግሞ መድሃኒቱን ካገኙት 2 በመቶ፣ ካላገኙት 0.4 በመቶ ነው፣ በነጻ አይደለም። ግን አስቡት፣ ስትሮክ ከያዛቸው ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሲነቃ ነው የሚያውቀው፣ ድሮ እነዚህ ሰዎች «ሰዓቱ አይታወቅም» ተብለው በቃ ይተዉ ነበር። ማሽኑ ሰዓት ሆነላቸው።

ወደ እማማ ልመለስ።

ጠረጴዛው ላይ አስተኛናቸው፣ የጆሮ መድፈኛ አደረግኩላቸው፣ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ በስፖንጅ ያዝኩት፣ ኮይሉን (እንደ ጎጆ ከፊት የሚከደን ነገር ነው) ስከድነው እጄን ጨበጡኝ፣ በደንብ። «እማማ እንዳይንቀሳቀሱ እሺ፣ እዚሁ ነኝ» እላለሁ፣ ይገባቸዋል አይገባቸው እንጃ፣ ግን ድምጹ የሀገራቸው ነው። ልጅየዋን ጥያቄዋን ጨርሳ ስለነበር ጆሮዋን ደፍኜ ከውስጥ አስቀመጥኳት፣ እግራቸውን ይዛ። ይሄ የኔ ዘዴ ነው፣ ግራ የተጋባ ሰው እግሩን ዘመድ ከያዘለት ዝም ይላል፣ ማስታገሻ መርፌ ከመስጠት ስንት ጊዜ አድኖኛል፣ መርፌ ደሞ ኒውሮሎጂስቱ የሚፈልገውን ምርመራ ሁሉ ያበላሽበታል።

ዲፉዥኑ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ስላይሶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ ከታች ነው የሚጀምሩት፣ ትንሹ አንጎል፣ ጥቁር ደህና፣ የአንጎል ግንዱ ደህና፣ ወጣ ወጣ እያለ፣ ከዛ በግራ በኩል ከጆሮ በላይ አካባቢ ቦግ። እንደ ለውዝ ተነስቶ በሚቀጥለው ስላይስ እንደ እንቁላል ሆነ። ንግግርን የሚረዳው ቦታ ላይ ነው። ኤዲሲው ላይ ያው ቦታ ጥቁር። ሬዚደንቱ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ቋንቋ አይደለም፣ ድካም አይደለም፣ ስትሮክ ነው።

ቀጥሎ ፍሌር። ድሮ ስጀምር ፍሌር ብቻውን አራት ደቂቃ ምናምን ይፈጅ ነበር፣ አሁን በጣም አጥሯል። መጠበቁ ግን ያው ነው፣ ማንም አያወራም። መጣ። በግራ በኩል ያንኑ ቦታ ደጋግመን አየነው፣ ብርሃኑን ጨመርን ቀነስን። ምንም። ንጹህ። ደም የሚያሳየውም ተሰራ፣ ደም የለም። ኒውሮሎጂስቷ ከቤቷ ሆና በስልክ እያየች ነበር፣ «ሚስማች አለ፣ ስጡ» አለች (ዲፉዥኑ ነጭ፣ ፍሌሩ ንጹህ ማለቷ ነው)። ሌሊት በእንቅልፍ መሃል ወይ ኪችን ከገቡ በኋላ ነው የመታቸው ማለት ነው። ከጠዋቱ 6:20፣ በኛ አስራ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ መድሃኒቱ ገባ።

አሁን ይሄን ታሪክ ስትሰሙ «ያው መድሃኒቱን አገኙ አይደል ታዲያ ሰዓቱ ቢሳሳት ምን ነበረበት» የሚል አይጠፋም፣ ባለቤቴም ብላኛለች። ነበረበት! በተሳሳተው ሰዓት ተማምነው ፍሌሩን ሳያዩ ይሰጡ ነበር፣ እና ፍሌሩ ነጭ ቢሆንስ? በዛው ሳምንት አንድ ሌላ ሰው ነበር ከእንቅልፉ የነቃ፣ ዲፉዥኑም ፍሌሩም ነጭ፣ አልተሰጠውም፣ ልክ ነበር ያልተሰጠው።

ሰው ኤምአርአይን ለስትሮክ ማሻሻል ሲባል ወዲያው ኤአይ ነው የሚመጣለት። አልክድም፣ እየሰራ ነው፣ አሁን ከጥቂት መረጃ ጥርት ያለ ፎቶ የሚያወጣ ሶፍትዌር አለ። ከሱ በፊትም ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ኮይሎችን አንድ ላይ በመጠቀም ጊዜውን የሚያሳጥር ዘዴ መጥቷል፣ ድሮ ሃያና ከዛ በላይ ደቂቃ የሚፈጀውን የስትሮክ ምርመራ በስድስት ደቂቃ ገደማ የሚጨርሱ ቦታዎች አሉ። ግን እኔ በስቶፕዎች ለራሴ ቆጥሬ አውቃለሁ፣ ዲፉዥኑ ሁለት ደቂቃ፣ ወደ ዲፉዥኑ የሚወስደው መንገድ ሃያ አምስት። ሊፍት መጠበቅ፣ ከብረቱ አልጋ ወደ ማግኔት የማይስበው አልጋ ማዘዋወር፣ የጠፋ ፎርም፣ ዚፕ ያለው ሱሪ፣ «አባቴ የልብ ማሽን አለው መሰለኝ እንጃ» የሚል ልጅ፣ ከዛ ኤክስሬይ አንስተን እንይ፣ አስር ደቂቃ። በአንድ ደቂቃ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሴል እንደሚሞት አንድ የታወቀ ስሌት አለ። ከፎቶው ላይ አርባ ሰከንድ ቀነስን ብለው ኮንፈረንስ ላይ ሲጨበጨብ እኔ የማስበው ያንን ሊፍት ነው።

ፎቶው ራሱም ገና የሚቀረው አለ። ከስትሮኮች ውስጥ ዲፉዥንን የሚያመልጡት ወደ ሰባት በመቶ ይሆናሉ፣ በተለይ ከኋላ በኩል፣ የአንጎል ግንድ ላይ። ጆሮ አካባቢ ያለው አጥንትና አየር ፎቶውን ያጣምመዋል፣ እንደ ተሰበረ መስታወት፣ ግንዱ ላይ ያለች ሁለት ሚሊሜትር ነጥብ እዛ ውስጥ ትደበቃለች። ስለዚ «ዞረብኝ፣ ያስመልሰኛል፣ መራመድ አቃተኝ» ብሎ የመጣ ሰው ዲፉዥኑ ንጹህ ነው ተብሎ ብቻ ወደ ቤት አይሸኝም፣ ቀጠን ያሉ ስላይሶች፣ በሌላ አቅጣጫ፣ ካስፈለገም ነገ ድጋሚ። የወርቅ ጥርስና ብሬስም ከፊት በኩል ጥቁር ጉድጓድ ይሰራሉ፣ የኛ ሰው ወርቅ ጥርስ ይወዳል፣ ምን ይደረግ።

ሀገር ቤት ላለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው ተስፋ የማደርገው። እዛ ኤምአርአይ ያለው በጥቂት ቦታ፣ ብዙው አዲስ አበባ፣ ብዙው የግል፣ ዋጋውም የማይቀመስ። ሲቲ ያገኘ እድለኛ ነው። ፊቱ የተጣመመ ሰው «ብርድ መትቶት ነው» ተብሎ ሲታሽ ይውላል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ስዉፕ የሚባል ትንሽ ማሽን አለ፣ ጉልበቱ 0.064 ቴስላ ነው፣ ከኛው ሃያ እጅ በላይ ያንሳል፣ ግን ጎማ አለው፣ ተገፍቶ አልጋ ድረስ ይመጣል፣ ግድግዳ ላይ ካለ ተራ ሶኬት ይሰራል፣ እንደ ትልቁ ማግኔት ማቀዝቀዣ ሂሊየም አይፈልግም፣ ልዩ ክፍል አይፈልግም። በ2022 በወጣ ጥናት ስትሮክ ካለባቸው 50 ሰዎች 45ቱ ላይ አሳይቷል። ያመለጡት ትንንሾቹ ናቸው። ፎቶውን ስታዩት ብዥ ያለ ነው፣ የኔ አይን ለምዶ ያንቋሽሸዋል፣ ግን ምንም ከሌለው ቦታ ጋር ሳወዳድረው ምላሴን እነክሳለሁ።

እማማን በነጋታው ማታ ስራ ስገባ ፎቅ ወጥቼ አየኋቸው። ልጅየዋ አጥሚት ይዛ መጥታ ነበር። የልጃቸውን ስም በትክክል ጠሩ። ማንኪያውን ግን «ቁልፍ» ነው ያሉት፣ እና ስህተት መሆኑን አውቀው ተናደዱ፣ ኒውሮሎጂስቷ መናደዳቸው ጥሩ ምልክት ነው አለች። እኔን አላወቁኝም። የወጡት በስድስተኛው ቀን ነው፣ የንግግር ቴራፒ እየሄዱ ነው፣ ቴራፒስቷ አማርኛ ስለማትችል ልጅየዋ ስዕሎቹ ስር በአማርኛ እየጻፈች ታመጣለች።

እኔ ደሞ ለሃላፊዬ ጻፍኩ፣ ፎርሙ ላይ ሰዓት በሚጠየቅበት ቦታ ለኢትዮጵያና ኤርትራ ሰዎች «የትኛው ሰዓት» የሚል ይጨመር ብዬ። እናየዋለን ተባልኩ። ስንት ወር ሆነው። እስከዛው የሀበሻ ስም ባየሁ ቁጥር ኢመርጀንሲ እራሴ እደውላለሁ፣ ነርሶቹ «ክሎክ ጋይ» ብለው ስም አውጥተውልኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጋሼ መጡ፣ ሽበታም፣ የታክሲ ሹፌር፣ ግራ እጄ ደነዘዘኝ ብለው። ስንት ሰዓት ላይ ጀመረዎት አልኳቸው። አስራ ሁለት ሰዓት አሉኝ። ጋሼ በሀበሻ ነው በፈረንጅ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ እዚህ ሀገር ታክሲ ስነዳ ሃያ ስድስት አመቴ ነው፣ ቀጠሮ በሀበሻ ይዤ ማን ይከፍለኛል?» አሉኝ። ዲፉዥናቸው ንጹህ ነበር፣ አንገታቸው ላይ የተጫነ ነርቭ ነው። ኮይሉን ስከፍትላቸው «ጨረስክ? ያ ሁሉ ጫጫታ ለዚች ነው?» ብለው ተነሱ።